የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ኦርጋኒክ» የሚለው ቃል ምን ይመሰክራል?

ስለ ኦርጋኒክ ምግብ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ተደራርበው ስለደረሱን የዚህን እትም አምድ ለእነሱ ብቻ ሰጥተናል። ተመሳሳይ ሐሳብ የያዙትን አንድ ላይ አድርገን አምስት ጥያቄዎችን መርጠናል። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሰሞኑን ሦስት ብልቃጥ የቲማቲም ድልህ ከመደርደሪያ አውርጄ፣ ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳነብ ግራ ተጋባሁ። አንደኛው ላይ «ኦርጋኒክ» የሚል ጽሑፍና ክብ ማኅተም አለ። ሁለተኛው «በኦርጋኒክ ቲማቲም የተዘጋጀ» ይላል፤ ማኅተም ግን የለውም። ሦስተኛው «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» ይላል፤ አረንጓዴ ቅጠልም ተስሎበታል። ልዩነታቸው በእርግጥ ምንድን ነው? ወይስ ሁሉም አንድ ናቸው?

መልስ፦ እህታችን፣ ሦስቱ አንድ አይደሉም። ልዩነታቸውን ለመረዳት አስቀድመው እንዲይዙልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። «ኦርጋኒክ» የሚለው ቃል በሕግ በሚጠበቅበት አገር ሁሉ የሚመሰክረው ምግቡ እንዴት እንደተመረተ ነው። መሬቱ በምን እንደዳበረ፣ ተባዩን በምን እንደተከላከሉት፣ ዘሩ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ከብቱ ምን በልቶ እንዳደገ፣ ምርቱም ከማሳ እስከ ፋብሪካ ባለው መንገድ ከሌላ ምርት ጋር እንዳልተደባለቀ የሚናገር ምስክርነት ነው። ስለ ጣዕሙ፣ ስለ ቫይታሚኑም ሆነ ስለ ስኳሩ መጠን የሚለው ነገር የለም። ይህን ከያዙ በኋላ የሚቀሩት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ የሚመሰክረው ማን ነው? የመሰከረውስ ስለ ምግቡ ስንት እጅ ነው?

የአሜሪካንን ደንብ ለምሳሌ እንውሰድ። ሕጉ የወጣው በ1990 ሲሆን ዝርዝር ደንቡ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው በጥቅምት 2002 ነው። በዚህ ደንብ መሠረት ከአንድ ማሳ የተገኘ ሰብል ኦርጋኒክ ሊባል የሚችለው፣ ከመሰብሰቡ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ውስጥ መሬቱን የተከለከለ ነገር ካልነካው ብቻ ነው። ሰው ሠራሽ የናይትሮጅን ማዳበሪያ፣ ከፍሳሽ ማጣሪያ የሚወጣ ዝቃጭ፣ በዘረ መል ምህንድስና የተለወጠ ዘር፣ ምግብን በጨረር ማከም ክልክል ናቸው። ገበሬው የዘራውን፣ የረጨውንና የሸጠውን ሁሉ በመዝገብ ይይዛል፤ ፈቃድ ያለው አረጋጋጭ ድርጅትም በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ባለሙያ ልኮ ማሳውን፣ መጋዘኑንና መዛግብቱን ያስመረምራል። እኔ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለመዝገቡ ነው፤ ምክንያቱም ቲማቲሙን በዓይን አይቶ ኦርጋኒክ መሆኑን መለየት የሚችል ሰው የለም።

አሁን ወደ ብልቃጦቹ እንመለስ። የመጀመሪያው «ኦርጋኒክ» ተብሎ ማኅተም የያዘው፣ ውኃና ጨው ሳይቆጠሩ ከግብአቶቹ ክብደት ቢያንስ 95 በመቶው በዚህ መንገድ የተመረተ ስለሆነ ነው። ውኃና ጨው የማይቆጠሩት ተዘርተው የሚበቅሉ ባለመሆናቸው ነው። ቀሪው 5 በመቶም እንደ ፈለጉ የሚሞላ ሳይሆን ደንቡ በዘረዘራቸው ነገሮች የተወሰነ ነው። ሁለተኛው፣ «በኦርጋኒክ ቲማቲም የተዘጋጀ» የሚለው፣ ቢያንስ 70 በመቶ ኦርጋኒክ ግብአት አለው ማለት ነው፤ ማኅተሙን እንዳይጠቀም ግን ደንቡ ይከለክለዋል። በዚህኛው ውስጥ ዘይቱ ወይም ቅመሙ ከተለመደው እርሻ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያም ሆኖ በዘረ መል ምህንድስና ከተለወጠ ሰብል የተገኘ ወይም በጨረር የታከመ ሊሆን አይችልም። ኦርጋኒክ ግብአቱ ከ70 በመቶ በታች የሆነ ምግብ ደግሞ ቃሉን በፊት ለፊቱ ገጽ መጻፍ አይፈቀድለትም፤ በጀርባው፣ በግብአቶች ዝርዝር ውስጥ፣ ከዚያው ግብአት ስም ጎን ብቻ ሊጠቅሰው ይችላል።

ሦስተኛው ብልቃጥ ፈጽሞ የተለየ ነው። «ተፈጥሯዊ» የሚለውን ቃል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በደንብ ደረጃ አልተረጎመውም፤ ለብዙ ዓመታት የያዘው አቋም፣ በምግቡ ውስጥ ይኖራል ተብሎ የማይጠበቅ ሰው ሠራሽ ነገር አልተጨመረበትም ማለት ነው የሚል ብቻ ነው። ቲማቲሙ ማሳ ላይ ሳለ ምን እንደተረጨበት ቃሉ አይናገርም። ሄዶ ያየ መርማሪም፣ የተገላበጠ መዝገብም የለም። እኔም አረንጓዴ ቀለምና ቅጠል ያለበትን አንድ የአጃ ፓኬት ኦርጋኒክ ነው ብዬ ለረጅም ጊዜ ስገዛ ኖሬ፣ አንድ ቀን ጀርባውን ሳነብ ቃሉ አንድም ቦታ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የፊቱን ገጽ በመዳፌ ሸፍኜ መጀመሪያ የማነበው ጀርባውን ነው። እዚያ የአምራቹ ወይም የአከፋፋዩ ስም ይገኛል፤ ከስሙ ሥር ደግሞ «በእገሌ ድርጅት የተረጋገጠ» የሚል አንድ መስመር፣ ብዙ ጊዜ በጣም በደቀቀ ፊደል፣ መኖር አለበት። እርስዎም ብልቃጡን ሲያነሡ ያንን መስመር ይፈልጉ።

ምግቡ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ የተመረተ ከሆነ የሚያገኙት ምልክት ሌላ ነው፤ በአረንጓዴ መደብ ላይ ነጫጭ ኮከቦች ተደርድረው ቅጠል ይሠራሉ። ይህ ምልክት ከሐምሌ 2010 ጀምሮ ያገለግላል፤ አሁን የሚሠራበት የኅብረቱ ደንብ ደግሞ ከጥር 2022 ጀምሮ ተፈጻሚ ሆኗል። እዚያም ከእርሻ ከሚገኙት ግብአቶች ቢያንስ 95 በመቶው ኦርጋኒክ መሆን አለበት። ከቅጠሉ ጋር በአንድ ዕይታ የሚነበብ መለያ ቁጥር አለ፤ የአገሩን ስም በሚወክሉ ሁለት ፊደላት ይጀምርና የተቆጣጣሪውን ድርጅት ቁጥር ይይዛል። ጥሬ ዕቃው የበቀለው በኅብረቱ አገሮች ውስጥ ይሁን ከዚያ ውጭ የሚገልጽ ጽሑፍም አብሮ ይቀመጣል። ቅጠል ተስሎ ቁጥሩ ከሌለ፣ ያ ቅጠል ሥዕል ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የግብርና ተማሪ ነኝ። «ኦርጋኒክ ማለት ምንም ያልተረጨበት ማለት ነው» ብዬ ስከራከር፣ ታላቅ ወንድሜ «እነሱም ይረጫሉ» ብሎ አላስቀመጠኝም። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ በዚህ ነገር ልክ የሆኑት ታላቅ ወንድምዎ ናቸው፤ ሙሉው ሥዕል ግን ከሁለታችሁም ክርክር ሰፋ ይላል።

የአሜሪካው ደንብ መነሻ እንዲህ ነው፦ ከተፈጥሮ የተገኘ ነገር በስም ካልተከለከለ በቀር ይፈቀዳል፤ ሰው ሠራሽ የሆነ ደግሞ በስም ካልተፈቀደ በቀር ይከለከላል። የሁለቱም «በቀር» ዝርዝር በይፋ የወጣ ነው። አርሰኒክና ስትሪክኒን ከተፈጥሮ የሚገኙ ቢሆኑም መርዝነታቸው ስለሚታወቅ ተከልክለዋል። በአንጻሩ አንዳንድ የመዳብ ውሕዶች፣ ነፍሳትን የሚገድሉ ሳሙናዎችና ተባዩን በጠረን አሳስተው የሚያጠምዱ ፌሮሞኖች ሰው ሠራሽ ሆነው ሳለ ተፈቅደዋል። ከተፈጥሮ ከሚገኙት መካከል ደግሞ ድኝ፣ ከአበባ የሚጨመቀው ፓይሬትረም፣ የኒም ዘይትና ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የተባለው ባክቴሪያ በሰፊው ያገለግላሉ። ይህ ባክቴሪያ የሚሠራበት መንገድ ለእርስዎ ለግብርና ተማሪው ደስ የሚል ነው፤ አባጨጓሬው ቅጠሉን ሲበላ አብሮ ይውጠዋል፣ የባክቴሪያው ፕሮቲን በአንጀቱ ውስጥ ይነቃና የአንጀቱን ግድግዳ ይበሳዋል፣ ነፍሳቱም መብላት አቁሞ ይሞታል።

ይሁንና የተፈቀደ ነገር ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። መዳብ ብረት ስለሆነ አይበሰብስም፤ በየዓመቱ በተረጨ ቁጥር በአፈሩ ውስጥ ይጠራቀማል፣ የአፈር ትሎችንም ይጎዳል። የአውሮፓ ኅብረት በሄክታር በ7 ዓመት ውስጥ ከ28 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ የወሰነው በዚህ ምክንያት ነው። የወይንና የድንች ገበሬዎች ለሻጋታ በሽታ ሌላ በቂ መድኃኒት ስላላገኙ እስከ ዛሬ አልተዉትም፤ ይህን የኦርጋኒክ እርሻ ያልተፈታ ችግር አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ተደብቆ መቅረትም የለበትም።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በቅደም ተከተሉ ነው። በኦርጋኒክ እርሻ ገበሬው አስቀድሞ ሰብል ማፈራረቅን፣ በሽታ የሚቋቋም ዘር መምረጥን፣ ተባዩን የሚበሉ ነፍሳት የሚጠለሉበትን ቦታ መተውን፣ አረሙን በእጅና በማሽን መንቀልን የመሳሰሉትን እንዲሞክር ይጠበቅበታል። ርጭት የሚመጣው እነዚህ ሳይበቁ ሲቀሩ ነው፤ ያም በገበሬው የእርሻ ዕቅድ ላይ ተጽፎ መገኘት አለበት። ከጎረቤት ማሳ በነፋስ ወይም በውኃ ተሸክሞ የሚመጣ ኬሚካል እንደሚኖርም ደንቡ ያውቃል፤ ለተለመደው ምርት የተፈቀደው ጣሪያ 100 ቢሆን፣ የተገኘው ቅሪት ከ5 ካለፈ ምርቱ ኦርጋኒክ ተብሎ መሸጥ አይችልም። በ2012 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ200 የሚበልጡ ጥናቶችን አሰባስበው ባወጡት ግምገማ፣ ሊለካ የሚችል የፀረ ተባይ ቅሪት የተገኘው ከኦርጋኒኮቹ ናሙናዎች በ7 በመቶው፣ ከተለመዱት ደግሞ በ38 በመቶው ነበር። ከሕጋዊው ጣሪያ ያለፈ ቅሪት ግን በሁለቱም ዘንድ እምብዛም አልተገኘም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ «ያው ቲማቲም ነው፣ ገንዘብ ማባከን ነው» ይላል። እኔ ለልጆቻችን ጤና ስል ኦርጋኒኩን መግዛት እፈልጋለሁ፤ ገንዘባችን ግን ለሁሉም አይበቃም። በእርግጥ የበለጠ ገንቢ ነው?

መልስ፦ በንጥረ ምግብ ረገድ ልዩነቱ ብዙዎች ከሚያስቡት ያነሰ ነው። ከላይ የጠቀስነው የ2012 ግምገማ በቫይታሚን ይዘት ረገድ ኦርጋኒኩን የሚያስመርጥ ጠንካራ ማስረጃ አላገኘም። በ2014 ሌላ ቡድን 343 የምርምር ጽሑፎችን መዝኖ፣ ኦርጋኒክ ሰብሎች ሕዋስን ከጉዳት ይከላከላሉ በሚባሉ አንዳንድ ፀረ ኦክሲዳንት ውሕዶች ከፍ እንደሚሉ፣ ካድሚየም የተባለው ጎጂ ብረትም በእነሱ ላይ ዝቅ እንደሚል አሳይቷል። በ2016 በወጣው ደግሞ የኦርጋኒክ ወተትና ሥጋ ኦሜጋ 3 የተባለው ስብ በ50 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኝቷል፤ ዋናው ምክንያትም ከብቶቹ የበለጠ ሣር መብላታቸው ነው። እነዚህ ልዩነቶች በሚበላው ሰው ጤና ላይ ምን ያህል እንደሚታዩ ግን ገና አልተረጋገጠም።

ስለዚህ ለእርስዎና ለባለቤትዎ የምሰጠው ምክር አንድ ነው። ኦርጋኒኩን ለመግዛት ሲባል በቤት ውስጥ የሚበላው አትክልትና ፍራፍሬ ከቀነሰ፣ ልጆቹ ተጎዱ እንጂ አልተጠቀሙም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2012 ባወጣው ሪፖርት ያስቀደመው፣ ልጆች ኦርጋኒክም ይሁን የተለመደ፣ ልዩ ልዩ አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበሉ ነው። ገንዘቡ ለጥቂቱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ልጆችዎ በየቀኑና ከነልጣጩ ለሚበሉት ያድርጉት፤ ፖም፣ እንጆሪ፣ ወይንና ቅጠላ ቅጠል በዚህ ይመደባሉ። ልጣጩ ወፍራም ሆኖ ተልጦ የሚጣለው፣ እንደ ሙዝና አቮካዶ ያለው፣ ከተለመደው ቢገዛ ብዙ አያሳስብም። ሁሉንም ግን፣ ኦርጋኒኩንም ጭምር፣ በሚፈስ ውኃ ስር በእጅዎ እያሹ ይጠቡት። ሳሙና አያስፈልግም፤ ልጣጩ ውስጥ ሊገባ ስለሚችልም አይመከርም።

ኦርጋኒክ ብስኩት ብስኩት መሆኑን ግን አይርሱት። ከኦርጋኒክ ሸንኮራ የወጣ ስኳር ለጥርስም ለሰውነትም ያው ስኳር ነው። በልጅዎ ምሳ ዕቃ ውስጥ የሚያስገቡትን ሲመርጡ የማኅተሙን ያህል የስኳሩንና የጨውን ግራም ያንብቡ።

ባለቤትዎን ሊያሳምን የሚችለው ሌላው ምክንያት ከማዕዱ ውጭ ያለው ነው፤ በየቀኑ ኬሚካሉን ሳይተነፍስ የሚውለው የእርሻ ሠራተኛ፣ በፍግና በኮምፖስት የሚዳብረው አፈር፣ ሰው ሠራሽ ናይትሮጅን የማይፈስበት ወንዝ። እዚህም ላይ ሚዛኑን ሙሉ ማድረግ ይገባል፤ በ2012 የታተመ አንድ ሰፊ ንጽጽር የኦርጋኒክ እርሻ ምርታማነት እንደ ሰብሉና እንደ አያያዙ ከ5 እስከ 34 በመቶ እንደሚያንስ አሳይቷል፤ ያንኑ ያህል ምግብ ለማግኘት ተጨማሪ መሬት ያስፈልጋል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የዶሮ ሥጋ ላይ «ያለ ሆርሞን ያደገ» የሚል ጽሑፍ አየሁ። ኦርጋኒክ ከሚባለው ጋር አንድ ነው? ወተቱስ?

መልስ፦ አንድ አይደለም። በአሜሪካ ለዶሮም ሆነ ለአሳማ ሆርሞን መስጠት ለማንኛውም አርቢ ክልክል ነው፤ ስለዚህ ጽሑፉ አንዱን ዶሮ ከሌላው አይለይም። እንዲያውም ይህን የሚጽፍ ድርጅት ክልከላው ለሁሉም እንደሆነ አብሮ እንዲገልጽ ይገደዳል።

ኦርጋኒክ እንስሳ ግን ሙሉ በሙሉ ኦርጋኒክ መኖ ይበላል፣ ወደ ውጭ የመውጣት ዕድል ይሰጠዋል፤ ዶሮ ከሆነ ከተፈለፈለ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ በዚህ ሥርዓት ማደግ አለበት። ላም ከሆነች በግጦሹ ወቅት፣ በዓመት ቢያንስ 120 ቀን፣ እርጥበቱ ሳይቆጠር ከምትበላው መኖ ቢያንስ 30 በመቶውን ከግጦሽ ማግኘት አለባት። በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ላይ ሁለቱ ደንቦች ይለያያሉ። በአሜሪካ አንድ ጊዜ መድኃኒቱን የወሰደች ላም ከኦርጋኒክነት ትወጣለች፤ አርቢው ግን ይህን ፈርቶ የታመመችን ላም ሳያሳክም እንዳይተዋት ደንቡ ያስገድደዋል። በአውሮፓ በሐኪም ትእዛዝ የተወሰነ ሕክምና ይፈቀዳል፤ ወተቱ እንዲሸጥ የሚጠበቅበት ጊዜ ግን በእጥፍ ይረዝማል። ስለ ዓሣ የጠየቃችሁንም በዚሁ እንመልስ፤ በአውሮፓ ለእርባታ ዓሣ የኦርጋኒክ ደንብ ሲኖር፣ በአሜሪካ እስካሁን ስላልወጣ የአገሩ ማኅተም በዓሣ ላይ አይደረግም።

ጥያቄ፦ አትክልት የምገዛው በቀጥታ ከአንድ አነስተኛ ገበሬ ነው። ምንም ኬሚካል አልጠቀምም ይሉኛል፤ የምስክር ወረቀት ግን የላቸውም። ልመናቸው? የምስክር ወረቀት ያለውስ ቢዋሽ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ የምስክር ወረቀት አለመኖር የሐሰተኛነት ምልክት አይደለም። ምርመራው ገንዘብና የወረቀት ሥራ ይጠይቃል፤ የአሜሪካው ደንብ ራሱ በዓመት ከ5,000 ዶላር የማይበልጥ ኦርጋኒክ ምርት የሚሸጡትን ከምስክር ወረቀት ነፃ ያደርጋቸዋል፤ ሥርዓቱን መከተል ግን ይጠበቅባቸዋል፣ ማኅተሙንም መጠቀም አይችሉም። በተለያዩ አገሮችም ገበሬዎችና ሸማቾች አንድ ላይ ሆነው እርስ በርሳቸው ማሳ የሚጎበኙበትና የሚመሰክሩበት አሠራር አለ፤ በ1972 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የኦርጋኒክ ግብርና ንቅናቄዎች ፌዴሬሽንም ይደግፈዋል።

እርስዎ ገበሬውን በአካል ስለሚያገኙ ማንም ማኅተም የማይሰጠው ዕድል አለዎት፤ መጠየቅ ይችላሉ። «ኬሚካል ትጠቀማላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ አያስገኝም። ባለፈው ዓመት ተባይ ሲመጣ ምን አደረጉ? ይህ መሬት ከስንት ዓመት በፊት በምን ይዳብር ነበር? ጥሬ ፍግ ከተጨመረ በኋላ እስኪሰበሰብ ስንት ወር ይቆያል? የመጨረሻው ጥያቄ ለጤናዎም ነው፤ በጥሬ ፍግ ውስጥ በሽታ አምጪ ተህዋስያን ስላሉ፣ ደንቡ የሚበላው ክፍሉ አፈር ለሚነካ ሰብል ቢያንስ 120 ቀን፣ ለማይነካው 90 ቀን እንዲቆይ ያዛል። በሥራው የሚኖር ሰው ለእነዚህ ጥያቄዎች ዝርዝር መልስ አያጣም፤ ብዙ ጊዜም ማሳውን ኑና እዩ ይላል።

በምስክር ወረቀት ስር የሚደረግ ማጭበርበር መኖሩም እውነት ነው። በአሜሪካ ከ2010 እስከ 2017 የተለመደውን እህል ኦርጋኒክ እያለ የሸጠ አንድ ነጋዴ፣ ሽያጩ ከ142 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሆኑ ተረጋግጦ በ2019 ከ10 ዓመት በላይ እስራት ተፈርዶበታል። ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ተፈጻሚ የሆነው የተጠናከረ ደንብ፣ በመካከል ያሉ ደላሎችና ነጋዴዎች ብዙዎቹ ራሳቸው የምስክር ወረቀት እንዲያወጡ፣ ከውጭ የሚገባ እያንዳንዱ ጭነትም የራሱን ማረጋገጫ ይዞ እንዲመጣ አስገድዷል። ለሸማቹ ደግሞ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምስክር ወረቀት ያላቸውን እርሻዎችና ድርጅቶች ዝርዝር በድረ ገጹ ለማንም ክፍት አድርጓል። በማሸጊያው ጀርባ ያለውን የአምራች ስም እዚያ ፈልገው ካላገኙት፣ ወይም የምስክር ወረቀቱ ታግዷል ወይም ተሰርዟል የሚል ካነበቡ፣ ማሸጊያውን ሳይጥሉ ፎቶ አንሥተው በዚያች ደቃቃ መስመር ስሙ ለተጻፈው አረጋጋጭ ድርጅት ይላኩለት።